የመርፌዋ ተረኛ

እጅጉ የሸክላ ማጫወቻውን መርፌ በጥጥ ጠቅልሎ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ሊያስተኛት ሲል ሳክስፎኑን ከደጅ ሰማው። ጆሮውን ተጠራጠረ። ያን ሳክስፎን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰማው ከአንዲት ሸክላ ብቻ ነው፤ እሷም ያለችው ቡሬ፣ ጓደኛው ክንዱ ቤት ነው። አሁን ግን ፍኖተ ሰላም፣ እሱው ግቢ ውስጥ፣ ልጁ ውዳሴ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሹሩባዋን ስትፈታ ጭኗ ላይ ካስቀመጠችው ስልክ ይንቆረቆራል።

"ይኼን ከየት አመጣሽው?" አላት፤ አንድ እግሩ ጫማ አጥልቋል፣ ሌላው ገና በካልሲ ነው።

"ከየትም አላመጣሁት አባባ። ዩቲዩብ ላይ ነው። ጃዝ ይወዱ የለም? ለእርስዎ ብዬ ስፈልግ አገኘሁት።"

"ማን ሰጥቶሽ?"

"ኧረ ማንም አይሰጥም፤ የፈለገ ሁሉ ይሰማዋል። ይኸው፣ እስካሁን አርባ ሺህ ሰው ሰምቶታል።"

"አርባ ሺህ ሰው!" አለ እጅጉ። ያቺን ሸክላ ከሰባት ሰው በላይ ተሰብስቦ ሲሰማት አይቶ አያውቅም። ውዳሴ የሙዚቃዋን ስም ከስክሪኑ ላይ አነበበችለት። ስም እንዳላት እንኳ አያውቅም ነበር፤ የሸክላዋ ጽሑፍ ከጥንት ጀምሮ ተልጦ ስለነበር በመካከሏ ቀለም "ሰማያዊዋ" እያሉ ነው የኖሩት።

እጅጉ ልብስ ሰፊ ነው። ሸክላ በመሰብሰብ ከክንዱ አያንስም፤ እንዲያውም በብዛት ይበልጠዋል። ከገበያ፣ ከተዘጋ ቡና ቤት፣ ዕቃውን ሸጦ ከሚሄድ ሠራተኛ ያልለቀመው የለም። ግን ሰማያዊዋ የለችውም። ስለ እሷ ሙሉ ልብስ በነፃ ልስፋልህ ብሎ ክንዱን ለምኗል። ከሸክላዎቼ የወደድከውን መርጠህ በምትኩ ውሰድ ብሎታል። ክንዱ ሁልጊዜ እየሳቀ ነው የሚመልስለት፤ "ምቀኛ አታሳጣኝ ብዬ ብጸልይ አንተን ሰጠኝ። ሸክላዋን ከሰጠሁህ በኋላ ምቀኛ ከየት አመጣለሁ?" ይለዋል። ሰው ይስቃል፣ እጅጉም አብሮ ይስቃል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሚኒባሱ ውስጥ አንጀቱ ያርር ነበር።

እነዚህ ሰዎች ማኅበር አላቸው። በደርግ መጨረሻ ገደማ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የተሰባሰቡ ሰባት የጃዝ ወዳጆች የጀመሩት ነው። እንደ ጽዋ ማኅበር ወር በገባ በሚካኤል ዕለት ተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ የእነሱ ጽዋ ግን መርፌ ነው። የጨርቅ ነጋዴው ያህያ ከጅዳ ያመጣት የአልማዝ ጫፍ ያላት መርፌ አንድ ብቻ ስለነበረች ተካፈሏት። ያስተናገደ ሰው ወሩን ሙሉ ይዟት ይቆያል፤ በሚቀጥለው ሚካኤል ለተረኛው ይዞለት ይሄዳል። መርፌዋን ረሳሁ ማለት ነውር ነው። ረስቶ የመጣም የለም። ያህያ ሞተ፣ ሌሎቹንም ሞትና ስደት ወሰዳቸው፣ እጅጉና ክንዱ ቀሩ። ጥር ላይ እጅጉ ቤት ነበር፤ ዛሬ የየካቲት ሚካኤል ነውና ተረኛው ክንዱ ነው።

እጅጉ ሁለተኛውን ጫማ አጠለቀ። ከዚያ ደስታ መጣበት፤ ደስታው ግን ጤነኛ አልነበረም።

"ስልክሽን ለዛሬ አውሺኝ እስቲ" አላት ልጁን።

"ምን ሊያደርጉት?"

"ክንዱን ላሰማው ነዋ።"

"ውይ፣ እንዴት ደስ ይላቸዋል!"

"አዎ። በጣም ነው ደስ የሚለው" አለ እጅጉ።

ውዳሴ የቱን መንካት እንዳለበት አሳየችው። እሱም በአንዱ ኪሱ ስልኩን፣ በሌላው የክብሪት ቀፎውን ይዞ የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ገባ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰናዳ ነው የሄደው። "ክንዱ፣ ያቺ በሳጥን የቆለፍክባትን ሸክላ ልጆች ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሹሩባ ይፈቱባታል" ሊለው ነው። ዐረፍተ ነገሩን አንዴ አሳጠረው፣ አንዴ አስረዘመው። "ሹሩባ ይፈቱባታል" የሚለው ላይ ሲደርስ ብቻውን ፈገግ ስላለ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ቡሬ ሲወርድ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት ወጣቶች ያነጠፉትን አዲሱን ኮብልስቶን ይዞ ወደ ክንዱ ቤት አቀና። ክንዱ የበርበሬ ነጋዴ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሳይቀር ጆንያ ስለሚደረደር ያልለመደ ሰው ሲገባ ያስነጥሳል። ዛሬ እጅጉን ደጁ ላይ ያስቆመው ግን በረንዳው ላይ የወለቀ የማያውቀው ጫማ ነው፤ የሴትና የወንድ፣ የከተማ ጫማ።

"ግባ እጅጉ! እንዲያው ስንጠብቅህ!" አለ ክንዱ ከውስጥ። አዲስ ጋቢውን ደርቦ እንደ ሙሽራ መሀል ተቀምጧል። ከጎኑ አንዲት ሻሽ ያሰረች ወጣትና አንድ ጢሙን ያሳደገ ወጣት አሉ። "እንግዶች ናቸው፤ ናጂሃና ገነነ። ከባሕር ዳር ድረስ ሰማያዊዋን ሊሰሙ የመጡ ናቸው።"

"ከየት ሰምተው?" አለ እጅጉ፤ መልሱን እየፈራ።

"ከስልክ ነው ጋሼ" አለች ናጂሃ። "እኛ ጃዝ ከኢንተርኔት ነው የምንሰማው። ይቺን ስንሰማ ግን ዋናዋ ሸክላ የት ትኖር ይሆን ብለን ስንጠይቅ፣ ስንጠይቅ፣ ቡሬ ያሉ አንድ ሰው ቤት ናት አሉን። ማመን አቃተን!"

እጅጉ ያሰናዳው ንግግር ከንቱ ሆነ። ጎድጓድ ይሆነዋል ያለው ነገር ለክንዱ ሰገነት ሆኖለታል። አርባ ሺው ሰው ሸክላዋን ያረክሳታል ሲል ጭራሽ ደጅ ጠኚ ላከላት። እሱ ቤት ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሸክላ ተደርድሮ እንኳን ከባሕር ዳር፣ ከጎረቤት የመጣ ሰው የለም። ጠላ ተቀዳለት፤ ቀመሰና አስቀመጠው።

"ጋሼ ክንዱ፣ መንካት ይቻላል?" አለች ናጂሃ።

"ምን ችግር አለ፣ ልጄ! እንኪ!" አለና ክንዱ ሰማያዊዋን ከልባሷ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

እጅጉ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። እሱ በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ነክቷት አያውቅም! እጁን በዘረጋ ቁጥር "ተው፣ እጅህ የስፌት መኪና ዘይት አለው" እየተባለ ነው የኖረው። ይቺ ዛሬ የመጣች ልጅ ጫፍና ጫፏን ይዛ ወደ ብርሃን ታገላብጣታለች፣ ክንዱም በፍቅር ያያታል። የእጅጉ እጅ ኪሱ ውስጥ ገባ። የክብሪት ቀፎውን በአውራ ጣቱ ገፋ አደረገና መርፌዋን በጥጡ ውስጥ ዳበሳት። ቀጭን ናት። ትንሽ ጫን ቢላት ትሰበራለች፤ ከተሰበረች ደግሞ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ምትክ የላትም፤ ጠይቀው ያውቁታል።

"በል እንግዲህ" አለ ክንዱ የማጫወቻውን ክዳን እየከፈተ። "መርፌዋን አምጣት።"

"ረስቻት መጣሁ" አለ እጅጉ።

ክንዱ ዘወር ብሎ አየው። ፊቱን አየው፣ ኪሱ ውስጥ የቀረውን እጁን አየው፣ ክዳኑን መልሶ ከደነ።

"ይሁን። ሰው ነህና ትረሳለህ" አለ ቀስ ብሎ። ወደ እንግዶቹም ዞሮ፣ "አይክፋችሁ፤ እስቲ በስልካችሁ አሰሙን" አላቸው።

ገነነ ስልኩን ከትንሽ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ሙዚቃው ወጣ። ጥርት ያለ ነው፣ አቧራ እንኳ የለበትም። ኦርጋኑ ገባ፣ ከበሮው ተከተለ፣ ሳክስፎኑ ብቻውን ወጥቶ መውጫ እንዳጣ ሰው መዞር ጀመረ። ገነነ ሌላ መልእክት ገብቶለት ስልኩ ላይ አቀረቀረ። እጅጉ ሳያስበው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተሳበ። ሰማያዊዋ ላይ ሳክስፎኑ ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር አንድ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ። ድሮ ያህያ እዚሁ ቤት የበርበሬው ብናኝ አስነጥሶት ጠረጴዛውን በጉልበቱ ሲመታ መርፌዋ ዘላ የተወችው ጭረት ነው። ያን ቀን ክንዱ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር፣ ያህያ ይቅርታ እየጠየቀ ጭራሽ ደጋግሞ ያስነጥስ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሰባቱም አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

ሳክስፎኑ ሦስተኛውን ዙር ጀመረ። የእጅጉ አንገት ነቅነቅ አለ፤ ቀና ሲል የክንዱም አንገት ነቅነቅ ሲል አየው። ጠቅ የሚል ነገር ግን አልመጣም። ሙዚቃው ምንም እንዳልጎደለ አልፎ ሄደ።

"ያህያስ?" አለ እጅጉ፤ ቃሉ አምልጦት።

"ማን ናቸው ያህያ?" አለች ናጂሃ።

ክንዱ ጋቢውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ሙዚቃው ሲያልቅ ስልኩ ማንም ሳያዘው ሌላ ዘፈን ጀመረ። እጅጉ በዚህ ዓለም ላይ ያቺን ጠቅታ የሚጠብቅ ሰው ስንት ነው ብሎ አሰበ። ከራሱ ሌላ አንድ ሰው ነው ያለው፤ እሱንም ዛሬ ሊያዋርደው ነበር የመጣው።

የክብሪት ቀፎውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ይቺውና" አለ። ጆሮው ግሏል። "ኪሴ ነበረች።"

ናጂሃና ገነነ ተያዩ።

"አውቄያለሁ" አለ ክንዱ። "ሠላሳ ዓመት እጅህን ኪስህ ከተህ ጠላ ስትጠጣ አይቼህ አላውቅም።" ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ ምንም አላነሳም፤ መርፌዋን ተክሎ ሰማያዊዋን አዞራት። ጠቅታዋ ስትመጣ ናጂሃ ደንገጥ አለች፣ ሁለቱ ሰዎች አንገታቸውን ነቀነቁ። እጅጉ ደስ አለው። ግን ሳክስፎኑ ሲወጣ ያው የጥንቱ ቅናት ደግሞ ቆነጠጠው፤ አልለቀቀውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ክንዱ እስከ መናኸሪያው ሸኘው። ረዳቱ "ፍኖተ ሰላም፣ አንድ ሰው የሞላ!" እያለ ሲጮህ ክንዱ ከጋቢው ውስጥ ፌስታል አወጣ። እጅጉ ሳይከፍተው አወቀ።

"እንካ" አለው ክንዱ።

"ምንድን ነው?"

"አወቅኸው እኮ! ዛሬ ለዚያች ልጅ ሳስነካት ፊትህን አየሁት። ሌሊት አይተኛም ይኼ ሰው አልኩ። አገር ምድሩ የሚሰማትን ከእንግዲህ ቆልፌ ምን ላደርጋት? ያንተ ትሁን ወንድማለም።"

የእጅጉ እጅ ሳያዘው ተዘረጋ። የልባሷን ጫፍ በጣቶቹ ያዘ፤ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። የት እንደሚያስቀምጣት እንኳ ያውቃል፤ ከመቀሶቹ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ፣ የገባ ሁሉ እንዲያያት። ከዚያ ክንዱ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ሲመለስ ታየው። የሚያዝያ ሚካኤል ተራው ክንዱ ቤት ሲሆን፣ እሱ ራሱ ሚኒባስ ተሳፍሮ እዚህ ድረስ ምን ልሰማ ብሎ ይመጣል? አንጀቱስ እየደበነ ወደ ቤቱ የሚመለሰው በምን ምክንያት ነው? ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀ።

"እዚያው አንተው ዘንድ ትቀመጥ" አለ።

"ኧረ ውሰዳት! ሠላሳ ዓመት ስትለምነኝ ኖረህ!"

"አንተ ምቀኛ አታሳጣኝ ብለህ ጸልየህ ተሰጥቶሃል፣ ክንዱ። እኔንም የምቀናበት አታሳጣኝ።"

ክንዱ ሳቀ፤ ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ እስኪያየው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ፌስታሉን መልሶ ጋቢው ውስጥ ከተተና በብብቱ ሥር ጥብቅ አድርጎ ያዘው። እጅጉ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ከፈተ።

"የመጋቢት ሚካኤል እኔ ቤት ነው። መርፌዋን ይዘህ ና፣ ረሳሁ እንዳትል!"

"እኔ ረስቼ አላውቅም" አለ ክንዱ።

እጅጉ መስኮቱን ዘጋ።