ትከሻ መቀየሪያ

ባለቤቴ ዓምሃ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። ከባልደረቦቹ አንዱ ሲሞት የሚነፉትን የቀብር ማርሽ የደረሰውም እሱ ነው። አሁን ሳንባው ደክሞ በኦክስጅን ይተነፍሳል። በሕይወት ያሉት ጓደኞቹም ጥርሳቸው ረግፎ መንፋት አይችሉም።

«ለእኔ ማን ይነፋልኛል?» አለ አንድ ቀን።

ልጃችን ሐመልማል ቫዮሊን ትጫወታለች። «እኛ እንጫወትልሃለን፣ አባዬ። ለክር መሣሪያ አቀናብረዋለሁ» አለችው።

እኔ አልወደድኩትም። ለቆመ ሰው መግነዝ እንደ መስፋት ሆነብኝ። የትራምፔቱን ዜማ ለቫዮሊን፣ የትሮምቦኑን ለቼሎ፣ የቱባውን ለኮንትራባስ ስታከፋፍል «ምን ቀረሽ?» እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ ብዙ ቀረኝ እንድትለኝ። ሥራው ያለቀ ቀን እሱም የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት የኦርኬስትራ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ቀጨኔ ያለችው ቤታችን ስላልበቃቻቸው ግማሾቹ ደጅ ቆሙ። ቼሎ ይዞ ዳገቱን የወጣው ጀላል ላቡ ይንጠባጠባል።

«አንተ፣ ሬሳ ነው እንዴ የተሸከምከው?» አለው ዓምሃ።

«ሬሳ ቢሆንማ ሰው ያግዘኝ ነበር፣ ጋሼ።»

ዓምሃ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ።

መጫወት ጀመሩ። ዓምሃ እንደሚነፋ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ በትንፋሹ ተከተላቸው። ብዙም ሳይቆይ ከንፈሩ ጠቆረ፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«አቁሙ! ገደላችሁት እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ትንፋሹ እስኪመለስ ጀርባውን አሸሁት። መናገር ሲችል ልጁን ነው ያያት።

«የዜማውን ማረፊያዎች የት አደረስሻቸው?»

«ለትንፋሽ የተተዉ መስሎኝ... ማለቴ፣ ቫዮሊን አይተነፍስም ብዬ ሞላኋቸው፣ አባዬ።»

«ተሸካሚዎቹስ? ባንዱ ዝም ሲል ነው ትከሻ የሚቀያየሩት። በዚህ ዳገት ያለ ማረፊያ ልታስወጪኝ ነው? ይጥሉኛል!»

ሐመልማል ዓይኗን ጠርጋ እርሳስ አነሳች። «እመልሳቸዋለሁ። ምን ያህል ይቆዩ?»

«ልክ የለውም። ሳጥኑን ሁሉም በደንብ ሲይዘው አይቼ ነበር የማስጀምረው።»

«አሁንስ ማን ያያል?»

«እናትሽ። የሚወድቅ ነገር ከእሷ ዓይን አያመልጥም።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ማረፊያዎቹ ተመለሱ። ዓምሃ ግን ሁለተኛ ሳይሰማው ዐረፈ።

በቀብሩ ዕለት ሙዚቀኞቹ፣ ቼሎ እየሄዱ ስለማይጫወቱት፣ ከደጃችን ቆሙ። ሴቶቹ ሳጥኑን እንድከተል ቢጎትቱኝም ከሐመልማል ጎን አልነቃነቅም አልኩ። ሙዚቃው ሲጀመር ሳጥኑም ዳገቱን ጀመረ። በመጀመሪያው ማረፊያ ሰዎቹ ቶሎ ተለዋወጡ፤ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሐመልማል ቀጠለች።

ሁለተኛው ማረፊያ ዳገቱ የሚብስበት ላይ ሆነ። ከፊት ያለው ተሸካሚ አዳለጠውና ሳጥኑ ዘመመ። ሰው ሁሉ «ወይኔ!» አለ። ሌላ ሰው ሮጦ ትከሻውን ከሥሩ አስገባ። ቀና አደረጉት፤ ሁሉም በደንብ ያዘው።

ሐመልማል ቫዮሊኗን እንደያዘች ታየኛለች። እነ ጀላልም እሷን ያያሉ። ከጀመሩ ሳጥኑ ይሄዳል፤ ከላይ ካለው ኩርባ በኋላ አላየውም።

ተሸካሚዎቹ ዞረው ወደ እኛ ተመለከቱ።

«እማዬ» አለችኝ ሐመልማል፣ በቀስታ። «ከብዷቸዋል።»

ራሴን ነቀነቅሁላት።