የምጽዋ መንገድ ፕሮግራም

«ክቡራን፣» አሉ አቶ መንግስትኣብ ከወንበራቸው ተነሥተው የኮታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ፣ «ኮምፒውተሩ ቆሟል።»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ለቆመው ኮምፒውተር የሚገባውን ዝምታ ሰጡት። አንዷ ሒሳብ ሠራተኛዋ ወጋሕታ ናት። ሁለተኛው ዘበኛው አቦይ ተኽኣ ናቸው፤ በሩን ለፈጣሪ ትተው ገብተዋል። ሦስተኛው በካልሲ የቆመው ጠጋኙ ኢንድሪስ ነው። ኮምፒውተር አቧራ አይወድም ተብሎ ጫማውን ደጅ አስወልቀውታል። ከነፃነት ወዲህ ይህ የጭነት ማመላለሻ መሥሪያ ቤት የገዛው ኮምፒውተር ይኸው አንድ ብቻ ስለሆነ አያያዙም እንደ አንድ ልጅ ነበር።

ኢንድሪስ ከወሎ መጥቶ ዓኽርያ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ የጠገነው ራዲዮና ቴፕ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ከሱቁ በር በላይ «ራዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን» ከሚለው ጎን «ኮምፒውተር» ብሎ ጻፈበት። ቀለም ተርፎት ነበር፤ ሰሌዳውም ላይ ቦታ ነበረ። ሚስቱ ሐቢባ መሰላሉን ይዛለት ከታች ጠየቀችው።

«ኮምፒውተር አይተህ ታውቃለህ?»

«አይቻለሁ።»

«የት?»

«በመስኮት።»

ዛሬ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሊጠራው ሲመጣ ደግሞ እቃውን እያቀበለችው፣ «ሳትጠግነው ከመጣህ ያቺን ቃል እኔው ራሴ በቤንዚን እጠርጋታለሁ፤ ሰፈር ሳይስቅብን» አለችው። ሐቢባ እንዲህ ካለች ቤንዚኑን አስቀድማ ገዝታለች ማለት ነው።

«ምን ሲሠራ ነው የቆመው?» አለ ኢንድሪስ፣ ብዙ የቆሙ ኮምፒውተሮች እንዳየ ሰው።

«የሥራ ፕሮግራም ሲከፈት» አሉ አቶ መንግስትኣብ። «የሾፌሮች ማሰልጠኛ ነው። የምጽዋ መንገድ።»

«ሌላውስ?»

«ደብዳቤው ይሠራል፣ ሒሳቡም ይሠራል» አለች ወጋሕታ በምሬት። «እነሱ ዋላ ሓንቲ፣ ምንም አልሆኑም።»

በዳንቴል የተሸፈነውን ኮምፒውተር አቶ መንግስትኣብ እንደ ሐውልት ገለጡት። ወጋሕታ ጎንበስ ብላ ቁልፎቹን ሳታይ ጠቅ ጠቅ አደረገች። መስታወቱ ላይ ባሕር መጣ፣ ዘንባባ መጣ፣ ከዚያም ጣሪያ የሌላት አንዲት ቀይ ማኪና።

«ጭነት የምትጭነው ይቺ ናት?» አለ ኢንድሪስ።

«ቀላል ጭነት» አሉ አቶ መንግስትኣብ።

ማኪናዋ ልትነሣ ስትል መስታወቱ ድርግም አለ። ኢንድሪስ አንዱን ቁልፍ ነካ፤ ሌላውን ነካ። ምንም የለም። አጥፍቶ አበራው፤ ባሕር፣ ዘንባባ፣ ቀይ ማኪና፣ ጨለማ። ራዲዮ ቢሆን አንድ ጥፊ ያቀምሰው ነበር፤ እጁ ሊነሣም ቃጥቶት ነበር፤ አቶ መንግስትኣብ ሳል ሳል አሉ። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ከጀርባው የቆሙት ሦስት ፊቶች ይታዩታል፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ነው የሚመስሉት።

«እስካሁን ስንት ኮምፒውተር ጠግነሃል፣ አቶ ኢንድሪስ?» አለች ወጋሕታ።

«እኔ አልቆጥርም» አለ። ላብ ግን ካልሲው ድረስ ወረደ።

ከዚያ የሚያውቀውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ለተበላሸ ራዲዮ ሁሉ የሚጠይቀውን። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰኞ።»

«ሰኞ ምን ተጨመረበት?»

«ኣይፋል፣ ምንም» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

ኢንድሪስ በካቻቢቴ ክዳኑን ፈታው። ያን ሁሉ ጫማ ማስወለቅ ውስጡ አልሰማም፤ አቧራው ጣት ይቀብራል። በአቧራው መካከል ግን አንዲት ካርድ እንደ ሙሽራ አምራ ተሰክታለች። ከእሷም ሽቦ ወጥቶ፣ ከመጋረጃው ኋላ ወደተደበቁ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ይሄዳል።

«ይቺስ?»

አቶ መንግስትኣብ ኮርኒሱን አዩ። «እሷ... የእህቴ ልጅ ከጣሊያን ይዞ የመጣት ናት። የድምፅ ናት።»

«ጭነት ቢሮ ድምፅ ምን ያደርጋል?»

«ሾፌር ሞተሩን ካልሰማ ማርሽ በምን ያውቃል?» አሉ አቦይ ተኽኣ። ሁሉም ዞረው ሲያዩዋቸው፣ «ሰዎች ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉና ወደ በሩ ተመለከቱ።

ኢንድሪስ ካርዷን ነቅሎ አስነሣው። ቀይ ማኪናዋ ተነሣች፤ ድምፅ ግን የላትም። መልሶ ሰካት፤ ጨለማ። እንግዲህ ካርዷም ደኅና ናት፣ ማሽኑም ደኅና ነው፤ አብረው ነው መኖር ያቃታቸው። እንዲህ ያለውን ጠብ ያውቀዋል። ሁለት ጣቢያ ባንድ ሞገድ ላይ ሲወጣ ሁለቱም አይሰሙም፤ አንዱን ፈቀቅ ማድረግ ነው። ካርዷን አገላብጦ ሲያይ ጠርዟ ላይ የገብስ ፍሬ የምታህል መሰኪያ አገኘ፤ በአጠገቧ ቁጥሮች ተጽፈዋል። ሰባት ላይ ተቀምጣለች። ያ ሞገድ ከኮምፒውተሩ ጎን ባለው ማተሚያ ተይዞ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ፤ መጠርጠሩን ግን ለማንም አልተናገረም። በወረንጦ አንሥቶ አምስት ላይ አስቀመጣት። ፕሮግራሙ ራሱ የድምፁን ቁጥር የሚጠይቅበት ገጽ እንዳለው ደግሞ ወጋሕታ «በአጋጣሚ» አስታወሰች። እዚያም ሰባቱን በአምስት ለወጡት።

አስነሣው። ባሕር፣ ዘንባባ፣ ቀይ ማኪና። ከዚያም ከመጋረጃው ኋላ ሞተር አጓራ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አቦይ ተኽኣ፣ «እሰይ!» ብለው አፋቸውን ያዙ።

«መሞከር አለበት» አሉ አቶ መንግስትኣብ ድምፃቸውን አስተካክለው። «ማን ይችልበታል? እኔ ሥራ አስኪያጅ ነኝ።»

«እኔ ሒሳብ ላይ ነኝ» አለች ወጋሕታ።

«እኔ በር ላይ ነኝ» አሉ አቦይ ተኽኣ፣ ከበሩ እንደራቁ።

«እንግዲያው ባለሙያው ይሞክረው።»

ኢንድሪስ በሕይወቱ ብስክሌት እንጂ ማኪና ነድቶ አያውቅም። «ነዳጁ የትኛው ነው?» አለ ዝግ ብሎ።

«ወደ ላይ የምታሳየው ቀስት ትሆናለች፤ እገምታለሁ» አለች ወጋሕታ።

ቀይ መብራት በራ፣ አረንጓዴ ሆነ፤ ማኪናዋ ተፈተለከች። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ዘንባባዎቹ ካለፉ በኋላ ምጽዋ መንገድ ላይ ሰምቶት የማያውቀው ዋሻ መጣና መስታወቱ ጨለመ። በጨለማው ውስጥ ከጀርባው ያሉት ሦስቱ ፊቶች እንደገና ታዩት።

ከፊቱ አንዳችም ኩርባ የለም። ሦስቱ ራሶች ግን ባንድ ጊዜ፣ ሳይነጋገሩ፣ ወደ ግራ ዘመም አሉ።

ኢንድሪስም ወደ ግራ ጠመዘዘ። ዋሻው አለቀና ኩርባው መጣ፤ ወደ ግራ ነበር።

«ብላቴናው ይችላል» አሉ አቦይ ተኽኣ።

«አቶ ኢንድሪስ፣» አለች ወጋሕታ ገና እንደዘመመች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «እውነቱን ንገረኝ። ስንት ጠግነሃል?»

የሐቢባ ቤንዚን ትዝ አለውና ሳቁ መጣ። «ከዚህ ጋር፣ አንድ።»

ማንም አልሳቀበት። አቶ መንግስትኣብ ክራቫታቸውን አላልተው ትከሻው ላይ ደርሰዋል።

«ፍሬን እንዳትነካ፣ ሓወይ» ብለው ወንድማቸው አደረጉት። «አሁን ቀኝ ነው።»

ሁለተኛው ዋሻ ሲመጣ፣ መስታወቱ ውስጥ አራቱም ወደ ቀኝ ዘመሙ።