ለውሃ መውረጃ ብዬ ያጋደልኩት

ዓረብ አገር፣ ጃሚዓ በሚባል ሰፈር፣ እዚህ ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ባባ የምንለው የቤቱ ጌታ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ ጓሮው ላይ ነው። በተምር ዛፎቹ ሥር የምትዞር የመጫወቻ ባቡር አለችው፤ በሐዲዷ ዳር ጉልበቴን የማያክሉ ቤቶች ይደረድራል። ቤቶቹ አፈሩ ላይ እየተንጋደዱ ስላስቸገሩት ከሥራቸው ኮንክሪት ይፍሰስ አለ።

ሰው ፈልጊ ቢለኝ ሐበሻ ከሚበዛበት ከሂንዳዊያ ሰፈር አብዱረሺድን አመጣሁለት። የወሎ ሰው ነው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ግንበኛ። የድሮው ከፊሉ፣ ማለት ዋስ የሆነው አሠሪው፣ ለቆት ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ባባም ሥራው ካማረኝ ወደ ስሜ አዞርልሃለሁ አለው።

አብዱ ቆፍሮ ጠጠር ጠቀጠቀ፣ ጣውላ አቆመ፣ ኮንክሪቱን አፈሰሰ። ውሃ ልኩን ወዲህም ወዲያም እያጋደመ አስተካከለውና እርጥብ ጆንያ አልብሺልኝ ብሎኝ ዝሁር ሊሰግድ ሄደ።

እኔ ግን አላማረኝም። ያንን ጓሮ በየቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ። ደልዳላ ነገር ላይ ውሃ ይተኛል፣ አረንጓዴ ያወጣል፣ ፋቂው ደግሞ እኔ። ጠዋት ይህንኑ ብነግረው «እትዬ ቆንጂት፣ ይሄ እኮ ሻወር ቤት አይደለም» ብሎ ሳቀብኝ። ተናድጄ ጥዬው ገባሁ። አሁን ብቻዬን ስሆን የግንበኛ ማንካውን አነሳሁና እርጥቡን ወደ ፍሳሹ በኩል አጋደልኩት። አንድ ጣት ቢሆን ነው። ከዚያ ጆንያውን አለበስኩት።

በሦስተኛው ቀን ባባ ከትንንሾቹ ቤቶች አንዱን፣ የባቡር ጣቢያውን፣ ኮንክሪቱ ላይ አስቀመጠ። ጣቢያው ወደ ሐዲዱ ዘመመ፤ ባቡሯ መጥታ ጣሪያውን ገጨችና በጎኗ ወደቀች። አብዱ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋዋ ወደ ዳር ሮጠች። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብሎ አዙሮ አስቀመጠው፤ ያው ነው። እጆቹን አያቸው።

«እትዬ፣ የነካው ሰው አይተሻል?» አለኝ።

«ማን ይነካዋል?» አልኩት።

ባባ ኸላስ፣ በቃህ ሂድ አለው። አልጮኸም እንኳ።

አፌን ለመክፈት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። መጀመሪያ ለባባ ነገርኩት። እሱ ግን ለአብዱ ቃል የገባውን ወረቀት ለአንድ ፓኪስታኒ ለሳኝ ጨርሶለት ነበር። አብዱ መካ ገብቶ ሚስፈላ በሚባል ሰፈር የሐጃጅ ሻንጣ ይሸከማል አሉኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መካ አልገባም፤ ፊቱ ቆሜ ልለምነው እንኳ አልችልም። እዚያ ሆቴል የምታጸዳ የማውቃትን ዘሀራን ደውዬ ከአብዱ ጋር አገናኚኝ አልኳት።

«እኔ ነኝ ያጋደልኩት፤ ውሃ ይተኛል ብዬ ነው» አልኩት።



«ከመሬቱ ከፍ አድርገን ልክ እናወጣውና ውሃውን በዙሪያው እናስኬደው ነበር» አለኝ። «ልነግርሽ ስል ነው ጥለሽኝ የገባሽው።»

ኢቃማህስ ስለው፣ ከሐሙስ ጀምሮ የለኝም አለ። ባባ ሌላ ሰው መውሰዱንም ነገርኩት። ከእኔ መስማት ነበረበት።

«እሺ እትዬ፤ ሻንጣ እየጠበቀኝ ነው» አለና ስልኩን ለዘሀራ መለሰላት።

ምን አድርገሽው ነው እንዲህ ፊቱ የጠቆረው አለችኝ። ለእሷም ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት።