የሐማ ጆሮ በኑግ

ሰብለወንጌል ከዱባይ ከተመለሰች ወዲህ ደብረ ታቦር ላይ ያልታማችበት ነገር የለም። የመጨረሻው ግን ባሰ፤ አይሁዶች ቤት ስትሠራ ሃይማኖቷን ለውጣ መጣች ተባለ። አስወሪው ይሻው ነው፣ የእናቷ የማርያም ማኅበር ሙሴ። ሙሴ መባሉ የማኅበሩ አለቃ ስለሆነ ነው እንጂ፣ እሱስ ባሕር ቀርቶ የጓሮ ቦይ አያሻግርም።

በመጋቢት ማርያም ማኅበሩን የማብላቱ ተራ የእናቷ የማሬ ነበር። ሰዉ ከሰብለ እጅ አንበላም ብሎ ቢወጣ፣ ማሬ ከእንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቀና ብላ አትቆምም። ማኅበርተኞቹ ይባስ ብለው ወጡን ጎረቤት ትሥራላት ብለው ላኩባት። ሰብለ ይህን ስትሰማ እልህ ያዛት። እንግዲያውስ አሠሪዎቿ በአስቴር በዓል የሚጋግሩትን ባለ ሦስት ማዕዘን ብስኩት ልታቀርብላቸው ተነሣች፤ ስሙም የሐማ ጆሮ ነው። ሐማ ያው ለንጉሥ ነገር እያቀበለ ሕዝብ ሊያስፈጅ የነበረው ነገረኛ ነው፤ መጽሐፈ አስቴርን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁዳዴ ነውና ቅቤና እንቁላሉን ትታ ሊጡን በዘይት አቦካችው። መሐሉን ኑግ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማር ለውሳ ሞላችው። ጫፍ ጫፉንም ልክ እንደ ይሻው ጆሮ ወደ ውጭ ገለበጠችው። እናቷ አይታ ወደ ጠላዋ ተመለሰች።

በቀኑ ማኅበርተኛው ቀድሞ መጥቶ ቄስ ፈንታሁን ከቅዳሴ እስኪወጡ ይጠብቅ ጀመር። ይሻው መቼም አለቃ ነው፤ ጠላውን ልይ ብሎ ጓዳ ገባና ቆይቶ ወጣ። ቄሱ መጥተው ብስኩቱ በሰፌድ ሲቀርብ እጁን የዘረጋ አልነበረም። ይሻው ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

«አባቴ፣ ሳይባርኩት አንድ ነገር ይጣራ» አለ። «ይህ የሌላ ሃይማኖት ምግብ ነው። የቀመሰው ከማኅበራችን ይለይ።»

ሁሉም የሚያየው አፉን ነበር። ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር በኑግ ጠቁሯል፣ ጢሙም ላይ ማር አለ። ቅዳሴ ሳያልቅ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ያውም ሰርቆ። ጉድ እኮ ነው።

«ይሻው» አሉ ቄስ ፈንታሁን፣ «መጀመሪያ አፍህን ተጉመጥመጥ።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። ቄሱ ባርከው አንዱን ገመጡ፤ ሌላውም ድሮም ጠርጥሯት የማያውቅ ይመስል ተሻማ። የቀረውን ለልጆቻችን እንውሰድ ያሉም ነበሩ። እናንተም ሰው ሆናችሁ፣ አለች ሰብለ በሆዷ።

ሰፌዱን ልታነሣ ስትዞር እናቷን አየቻት። ማሬ ድርሻዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ይዛዋለች፣ አልነካችውም። ቄሱን አየች፣ አጠገቧ ያለችውን ሴት አየች፣ ሁሉም መብላታቸውን ስታረጋግጥ ቀስ ብላ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ይጣፍጣል ልጄ» አለች፣ ቀና ብላ ሳታያት።

ሰብለ ሰፌዱን ይዛ ጓዳ ገባች፤ እንባዋም መጣ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ማንንም ሳይጠብቅ ከእጇ የበላው ይሻው ብቻ ነበር።