የሦስት ሰው ደም

የላብራቶሪው ሕግ አንድ ነው፤ የሦስት ጤነኛ ሰዎች ደም ተመርምሮ ውጤቱ ካልገጠመ ማንም አፉን አይከፍትም። ሕጉን ያወጣችው ተመራማሪዋ ራሷ ነች። የጣሰችውም እሷው።

ሥራዋ ሲያዩት ቀላል ነው። በአፋቸው መመገብ ለማይችሉ ሕመምተኞች በደም ሥር የሚሰጠውን ወተት መሳይ የዘይት ፈሳሽ ከነጭ የደም ሴሎች ጋር ታገናኛለች። ከዚያ ባክቴሪያ ትጨምርና ሴሎቹ ስንቱን እንደዋጡ በማይክሮስኮፕ ትቆጥራለች። የመጀመሪያው ሰው ሴሎች ዘይቱን ካገኙ በኋላ የወትሮውን ግማሽ እንኳ አልዋጡም። የሁለተኛውም እንደዚያው ሰነፉ።

ማዶ ባለው የሆስፒታል ሕንጻ ተኝታ፣ አንጀቷን ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ታላቅ እህቷ የምትኖረው በዚያው ፈሳሽ ነው። ሦስተኛው ደም እስኪመጣ ገና ሳምንት ይቀራል። ተመራማሪዋ ልቧ አላርፍ አላትና እህቷን የሚያክመውን ሽማግሌ ሐኪም ኮሪደር ላይ አስቆመችው።

«ኢንፌክሽን ቢይዛት ሴሎቿ አይከላከሉላትም። ዘይቱን ያቁሙላት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

ነጩ የዘይት ከረጢት ወረደ፣ በደም ሥር ከሚገባላት ምግብ ስኳሩና ፕሮቲኑ ብቻ ቀረ። እህቷ በስምንት ቀን ሦስት ኪሎ ቀነሰች፤ ፀጉሯን ለማበጠር እንኳ ክንዷ አልነሣ አላት። ቀልዷን ግን አልተወችም። «ቀጭን ወገብ ስመኝ ኖሬ ይኸው ደረሰልኝ፣ ሚጡ» ትላለች። አርባ ዓመት የሞላትን ሴት ሚጡ ብሎ የሚጠራ ሌላ ሰው የለም።

ሦስተኛው ደም መጣ። ዘይት ያገኙትም ያላገኙትም ሴሎች እኩል ዋጡ። አላመነችም። አራተኛ ሰው ጨመረች፤ አሁንም እኩል። የሰው ደም ከሰው ደም ይለያያል፤ ሕጉን ያወጣችውም ለዚሁ ነበር።

ዓይኗን በጨው አጥባ ሐኪሙ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ዘይቱ እንዲመለስ አዲስ ትእዛዝ ጻፈ።

ከረጢቱ ተመልሶ ሲሰቀል አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር።

«እትዬ፣ ያስወሰድኩብሽ እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ሐኪሙ ያን ዕለት ነግሮኛል። ካልፈለግሽ አላቆመውም ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽ?»

እህቷ ዓይኗን በቱቦው ከሚወርደው ነጭ ጠብታ ሳትነቅል መለሰች።

«ሚጡ ካለችማ አለቀ ብዬ ነዋ።»