ሰው መስለኸኝ

«ሰው ነኝ አልኩህ እኮ!»

«አይደለህም» አለ በሩ።

«አንተ በር፣ ከኔ ጋር ነው የምትቀልደው? ትናንት በማን በኩል ነው የገባሁት?»

«ትናንት ጠዋት መች አወቅኩ? ከሥራ ስትወጣ ነው ባለቤትህ እዚሁ ፊቴ ቆማ ‹ሰው መስለኸኝ ነበር ያገባሁህ› ያለችህ። መስለኸኝ ማለት ደግሞ አይደለህም ማለት ነው።»

ሙጬ በሩን በቡጢ መታው። ይሄ በር በሚጠብቀው ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ሶል ለጣፊ ነው፤ ሙጬ ያሉት ግን ከሶሉ ይልቅ እሱ ወንበሩ ላይ ተለጥፎ ስለሚውል ነው። ሚስቱ እንደዛ የጮኸችበት ‹እናቴን ከሆስፒታል አምጣልኝ› ብትለው፣ ኳስ ሊያይ ሄዶ አሮጊቷን ፀሐይ ላይ ስላሰጣቸው ነው። ይሄ የተረገመ በር ደግሞ ነገር አይገባው፤ የሰማውን እንዳለ ነው የሚውጠው። ሰው መስሎ የገባ ማሽን ከተገኘ ደግሞ የፋብሪካው ሕግ አንድ ነው፦ ይፈታል። ብሎን በብሎን።

«የሚመሰክርልህ ዘመድ አለህ?»

«እናቴ አለችኛ!» ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ለቀቀው። «እማዬ፣ በሞቴ፣ ሰው ነኝ አይደል?»

«ደግሞ ምን አጥፍተህ ነው?»

«ሰው ነው በይ ብቻ!»

«እኔማ አንድ ቀን ሰው ይወጣዋል ስል አረጀሁ፣ ልጄ።»

«ገና አልወጣውም» አለ በሩ።

«አባባል ነው፣ አንተ ደነዝ ጣውላ!»

«ብረት ነኝ።»

ሙጬ ደረቱን በሩ በሚሰማበት ቀዳዳ ላይ ለጠፈው። «ስማ! ልብ ነው!»

«ሞተር ነው» አለ በሩና ፈቺውን ጠራ።

ፈቺው ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። ሌላ ጊዜ ከሙጬ ጎን ቆሞ ሚስማር የሚመታው ማሽን ነው፤ መፍታቱንም ደርቦ ይሠራል። ጎንበስ ብሎ ብሎን ፍለጋ ጀመረ። ብብቱን ሲነካው ሙጬ ነፍሱ ልትወጣ እስክትደርስ ተንከተከተ። ፈቺው ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ «አገኘሁት» ሲል ግን የሙጬ ሳቅ ደረቀ።

«እሱን ተው! እምብርቴ ነው!»

ፈቺው ድምፁን ሲሰማ ቀና ብሎ ፊቱን አየው። «ቆይ፣ አንተ ነህ እንዴ?» ወደ በሩ ዞረ። «ክፈትለት፣ ይሄ ሰው ነው።»

«በምን አወቅክ?»

«ሁለት ዓመት አጠገቤ ነበር። ማሽን ቢሆን አንድ ቀን እንኳ ይሠራ ነበር።»