የፈንጂ ዋስ

የመጀመሪያው ምት ያረፈው የዳቦ መደርደሪያው መስታወት ላይ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቷ ወንጌሉን እንደያዘች ከዱቄት ጆንያው ላይ ስትነሳ፣ ሁለተኛው የብረት ዘንግ ምት ሚዛኑን ከነጠረጴዛው ገለበጠው።

ጥፋቱ የራሷ ነው ብንል አላጋነንም። ሊጡ ኩፍ እስኪል ልጆቿን ሰብስባ ወንጌል ማንበብ ልማዷ ነው። የወለደቻቸው አይደሉም፤ መንገድ የጣላቸውን እያነሳች ዳቦ መጋገርንም ጌታን መከተልንም የምታስተምራቸው ናቸው። ዛሬ ማለዳም፣ "የሚያንኳኳን ሰው ማነህ ሳትሉ ክፈቱለት" ብላ ሳትጨርስ በሩ ተንኳኳ። ሊጥ አቡኪዋ ልጅ እንደተማረችው ማነህ ሳትል ከፈተች። የገባው ግን ዳቦ የራበው ሰው አልነበረም።

"ፈንጂ የታለ?" አለ የሰፈሩ ዘራፊዎች አለቃ፣ ስብርባሪውን እየረገጠ።

ፈንጂ ምድጃው ጋ ቆሟል። ቅጽል ስሙን አብሯቸው ሲዘርፍ ያወጡለት እነሱው ናቸው፤ ሲነኩት ስለሚፈነዳ። ሰው ፈንክቶ ታስሮ፣ ባለ ዳቦ ቤቷ ዋስ ሆናው በአመክሮ ተፈታ። ዳግመኛ በሰው ላይ እጁን ካነሳ ቀሪውን እስር እንደሚጨርስ ነግረውታል፤ እሷም ሰምታለች። ከዘንጉ ይልቅ የፈራችው ይህንን ነበር።

"አለሁ" አለ ፈንጂ። "አልመለስም ብዬሃለሁ። እነሱን ተዋቸው።"

"ከእኛ ጋር በልተህ ከእሷ ጋር ልትጸልይ? ከእኛ በእግሩ የወጣ የለም!"

ባለ ዳቦ ቤቷ መሃል ገባች። "አንተ ልጅ፣ ከፈለግህ ተቀመጥና ዳቦ ብላ። ካልፈለግህ በሩ ያውልህ።"

"አሮጊት፣ ዞር በይ!"

"አልዞርም።"

ዘንጉ ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቷ ሲሰበር ራሷ ሰማችው። ወንጌሉ ዱቄት ውስጥ ወደቀ፤ አቡኪዋ ጮኸች።

ፈንጂ ፈነዳ። ዳቦ የሚያወጡበትን ረጅም እንጨት አንስቶ የአለቃውን ጉልበት መታው፤ ሲጎነበስ ማጅራቱን፣ ሲወድቅ ፊቱን ደገመው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ደምና ዱቄት ተለውሶ ጭቃ ሆነ። አለቃው ፊቱን ሊከልል እጁን ቢያነሳ ጣቶቹን ቀጠቀጠለት።

"በቃ! በቃህ ልጄ!" ብትል ማን ሊሰማት። የአለቃው ዓይኖች ተገለበጡ፤ ፈንጂ ግን እንጨቱን ከራሱ በላይ አነሳ። ይህ ካረፈ ሰውየው ሬሳ፣ ልጁም ነፍሰ ገዳይ ነው።

እሷም አለቃው ላይ ተደፋችበት። ጠላቷን ወዳ እንዳይመስላችሁ፤ እግዜር ይቅር ይበላትና ያኔ የታያት የልጇ ዕድሜ ብቻ ነበር። እንጨቱ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ለሁለት ተሰበረ።

"እማ?" የእንጨቱ ስባሪ ከፈንጂ እጅ ወደቀ። "እማ፣ እኔ ነኝ? እኔ ነኝ የመታሁሽ?"

"ዝም በልና ውሃ አምጣለት" አለች ጥርሷን ነክሳ። "ሰውየው ይተነፍሳል።"

ጎረቤት የጠራቸው ፖሊሶች ሲደርሱ ፈንጂ ተንበርክኮ የአለቃውን ደም ይጠርግ ነበር። አለቃውን በቃሬዛ አወጡት።

"እናቴ፣ እንዲህ ያደረገዎት ማነው?" አለ ሳጅኑ።

"አሁን በቃሬዛ ያወጣችሁት ነዋ! ክንዴንም ትከሻዬንም።"

"እሱንስ ማን መታው?"

"እኔ።"

ሳጅኑ የተንጠለጠለ ክንዷን አየና ሊስቅ ቃጣው። ባለ ዳቦ ቤቷ ዓይኗን በጨው አጥባ እንዲህ ዋሽታ አታውቅም። በሆዷ ግን፣ "ጌታዬ፣ ይቅር በለኝ፤ ያልኩትን ግን አላጥፍም" ትላለች።

"እማ፣ ተዪ" አለ ፈንጂ ብድግ ብሎ። "ሳጅን፣ እሷ ዝንብ አትገድልም። እሱን የመታሁት እኔ ነኝ። የእሷን ትከሻም እኔ ነኝ።"

"አንተን ማን ጠየቀህ?" ጮኸችበት። "እስር ቤቱ ናፈቀህ?"

"አልናፈቀኝም፤ እፈራዋለሁ። ግን አትዋሹ ያልሽን አንቺ አይደለሽ? ነገ ለዚህች ልጅ ምን ብለሽ ልታስተምሪያት ነው?"

አቡኪዋ ግድግዳውን ተደግፋ ሁለቱን ታያለች። ባለ ዳቦ ቤቷ እንባዋ መጣ። 'ልጁ ተደናግጦ ነው' ብትል ሳጅኑ ሊያምናት ይችላል፤ ፊቱ ላይ አይታዋለች። ያቺን አንዲት ቃል አፏ ውስጥ ብዙ አገላበጠቻት።

"እውነቱን ነው" አለች በመጨረሻ። "የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እሱንም ጻፈው። እኔን ሊያድን እንደተነሳም ጻፍ።"

ፈንጂን በካቴና አስረው ፖሊስ መኪናው ላይ አወጡት። እሷም የተሰበረ ክንዷን በደህናው ደግፋ ተከተለች።

"እናቴ፣ እርስዎ ወደ ሕክምና ነው እንጂ!" አለ ሳጅኑ።

"እደርስበታለሁ። አጥንቱ እንደሆነ የትም አይሄድም።"

መኪናው ላይ ወጥታ ከልጁ አጠገብ ቆመች።

"ጠጋ በል" አለችው።